የፋርቱን ጫጩቶች

ሳህራ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢ ስትወጣ መጽሔቶቿን በሙሉ ከውሃው ሮቶ ሥር ተከምረው አገኘቻቸው። ሮቶው ማንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል። ወንድሟ ጉሃድ «ነገ አሠራዋለሁ» ሲል ሲል ክረምቱ ገባ። ሌሊቱን ጂግጂጋ ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ከላይ፣ የሮቶው ጠብታ ከጎን፣ የግቢው ጭቃ ከታች ሆነው ተባብረውባቸዋል። ከላይ ያሉትን አንድ ርኅሩኅ እጅ ባዶ የሩዝ ጆንያ አልብሷቸው ስለነበር ተርፈዋል፤ ከሥር ያሉት ግን ውሃ ጠጥተው እንደ ዳቦ አብጠዋል። ጎንበስ ብላ አንዱን ብታነሳው ሽፋኑ እጇ ላይ፣ ሆዱ መሬት ላይ ቀረ።

«ፋርቱን!» ብላ ተጣራች።

የወንድሟ ሚስት ፋርቱን ከማዕድ ቤቱ በር ብቅ አለች። እጇ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። «እኔ አይደለሁም» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ጉሃድ ነው። ማታ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ዕቃ ሊያስገባ ዕቃ ቤቱን አስለቀቀው። ጆንያውን ያለበስኩልሽ እኔ ነኝ።»

«የምን ዕቃ ነው?»

«ዕቃ ነዋ።»

ሳህራ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ የምትኖረው በወንድሟ ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ነው። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተመታ የልብስ ማንጠልጠያ ሲገባባት ክፍሏ ሞላች፤ ስለዚህ ጉሃድ «የአንቺን ወረቀት ዕቃ ቤት አስቀምጪው፣ ማን ይነካብሻል» ብሏት ነበር። የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መጽሔቶቹን ያገኘቻቸው ግን ከዚያ በፊት፣ ቀብሪበያ ካለው የስደተኞች ካምፕ አጠገብ አንድ የርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስትሠራ ነው። ቢሮው ሲዘጋ ሠራተኛው የቀረውን ንብረት ተካፈለ። አንዱ ፍሪጅ፣ አንዱ የብረት ቁም ሳጥን ደረሰው፤ ጥበቃው ሳይቀር ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ራሱ ላይ ደፍቶ ሄደ። እሷ ከመደርደሪያው ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን የቆዩ የእንግሊዝኛ መጽሔቶች በካርቶን ሞልታ ሚኒባስ ላይ ስታስጭን፣ ረዳቱ «በኪሎ ስንት ገባ?» ብሎ ሳቀባት። ፋርቱን እስካሁን «ፍሪጁን ብትወስጂ ኖሮ» እያለች ታነሳባታለች፤ በተለይ በሙቀት ጊዜ።

ሳህራ ግን በነዚያ መጽሔቶች ያልደረሰችበት አገር የለም። ክረምት ሲገባ እንደ ድንጋይ በረዶ ሆኖ ደርቆ፣ ፀሐይ ሲወጣ ልቡ መምታት የሚጀምር እንቁራሪት እንዳለ ያወቀችው ከነሱ ነው። በበረዶ አገር አጋዘን እየነዱ ከግጦሽ ግጦሽ የሚዞሩ ሰዎች ፎቶ ያለበትን ለእናቷ ወስዳ አሳይታት ነበር፤ እናቷ ነፍሷን ይማርና፣ ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አቅርባ «ወተቱስ? ይበረክታል?» ብላ ጠየቀቻት። እንዲያናድዷትም ታነባቸዋለች። አንዱ እትም ላይ አንዲት የሶማሌ ሴት ከነጌጧ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች ፎቶ ተነስታ፣ ከሥሩ «ዝናብ የምትጠባበቅ እናት» የሚል ተጽፏል። የሰርግ ልብስ ነው የለበሰችው! ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሳህራ ጽሑፉን በእስክሪብቶ ሰርዛ «ሙሽራ» ብላ ጻፈችበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ገጹን በሰላም መግለጥ የቻለችው።

አሁን ያ ሁሉ ጭቃ ላይ ነው። እየተነጫነጨች በእቅፍ በእቅፍ ወደ ክፍሏ አመላለሰችው። አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችው፤ የቀረውን መሬት ላይ ደረደረችውና ራሷ መቆሚያ አጣች። ገጾቹ ተጣብቀዋል። አንዱን ከአንዱ ልታላቅቅ ስትሞክር የአንበሳው ጎፈር ከባሕር ኤሊ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። በዚህ መሃል ነው ድምፁን የሰማችው። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚል የወፍ ጫጫታ ከግቢው ይመጣል። ወጥታ ወደ ዛፉ ቀና አለች። ዛፉ ላይ ምንም የለም። ድምፁ የሚመጣው አዲስ ቁልፍ ከተንጠለጠለበት ከዕቃ ቤቱ ነው። ፋርቱን ያን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ጫጩት ነው» አለች ፋርቱን።

ሳህራ ሳህኑ ውስጥ አየች። «ጫጩት ወተት ይጠጣል?»

«የዘንድሮ ጫጩት ይጠጣል።»

ሳህራ አጠገቧ ቆመች። ፋርቱን ልጆቿን ለክረምቱ ወደ እናቷ ስለላከች ቤቱ ጭር ብሏል፤ ደግሞም ውሸት አይሆንላትም፣ ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል። ትንሽ ከታገሰች በኋላ ተነፈሰችና ቁልፉን ከፈተችው። ውስጡ የሽንትና የጎመዘዘ ወተት ሽታ ያፍናል። ጥጉ ላይ የቲማቲም ሳጥን ተቀምጧል፣ በላዩ ጆንያ ተደርቦበታል። ጆንያውን ስታነሳው ሦስት ትንንሽ ራሶች ቀና አሉ፤ ማለት ሁለቱ ቀና አሉ፣ ሦስተኛው ተኝቶ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። ጀርባቸው ላይ እንደ ሽማግሌ ሽበት የቆመ ግራጫ ፀጉር፣ ከዓይናቸው ጥግ እስከ አፋቸው እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር። አንደኛው አፉን ከፍቶ እንደ ወፍ ጮኸ። ሳህራ ይህን አንድ እትም ላይ አንብባዋለች፤ አቦሸማኔ እንደ ወገኖቹ አያገሳም፣ ግልገሉ ድምፁ የወፍ ነው ይል ነበር። ያኔ አላመነችውም። እዚያው እትም ላይ ባሕር ማዶ ባለ ሀብታም ቤት ወርቅ ሰንሰለት ታስሮ መኪና ውስጥ የተቀመጠ አቦሸማኔ ነበር፤ ከሚሸጡት ግልገሎች አብዛኞቹ ለዚያ ወንበር ሳይደርሱ መንገድ ላይ እንደሚሞቱም ይተርካል። ይህን ሁሉ ስታነብ ነገሩ የሚሆነው ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ሰዎች ዘንድ ይመስላት ነበር።

«ፋርቱን፣ እነዚህ እኮ አቦሸማኔ ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ ዓይን አለኝ» አለች ፋርቱን። ሳህኑን አስቀምጣ በጣቷ ወተት እየነከረች ለተኛው አፍ አቀረበችለት። አልላሰውም። «ከማታ ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ለጉሃድ ብነግረው ‘ከዓስር ሶላት በኋላ መኪና ይመጣል’ አለኝ፤ እንደ ዶክተር።»

የጉሃድ ጎማ ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው። ሳህራ ባጃጅ ሳትጠብቅ በጭቃው ሄደች፤ ስትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቡናማ ሆኗል። ጉሃድ ከጎማዎቹ መሃል ዱካ ላይ ተቀምጦ ከአጎታቸው ልጅ ከዋበሪ ጋር ሻይ ይጠጣል። ዋበሪ ከጉናጋዶ ወዲያ ያለ አርብቶ አደር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ የሚያወራ። ሲያያት በደስታ ተነሳ፣ የልጆቿን ደኅንነት ጠየቃት፤ ልጅ እንደሌላት ትዝ ሲለው የትምህርት ቤት ልጆቿን ጠየቀ። ጉሃድ ግን ቀሚሷን አይቶ ነገሩ ስለገባው ሻዩን ፉት አለ።

«ዕቃ ቤት ውስጥ ምን አስገባህ፣ አቦዌ?» አለች። ታላቅ ወንድሟን በቤታቸው ወግ «አቦዌ» ነው የምትለው፤ ስትቆጣም አትለውጠውም።

«ድመት ነው።»

«ድመት ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር አለው?»

«የገጠር ድመት ነው።»

ዋበሪ ሳቀ። ሳህራ ድምፅዋ ከፍ አለ። የዱር አውሬ መሸጥ ወንጀል መሆኑን፣ አንደኛው እየሞተ መሆኑን፣ ስለዚህ ነገር በፎቶ የተደገፈ ረጅም ጽሑፍ ማንበቧን፣ የመጽሔቶቿንም ነገር ጨምራ ጮኸች። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሹፌር ቆሞ ያዳምጣል። ዋበሪ ሳቁን አቆመና የጥርስ እንጨቱን ከአፉ አወጣ።

«ያ መጽሔትሽ ላይ የእኔ ፍየሎች አሉ?» አላት፤ ቁጣ የለበትም፣ ማወቅ የፈለገ ይመስላል። «እናታቸው ፍየሎቼን ለቀመችብኝ። ከሷ የተረፈውን ድርቁ ወሰደው። ሬሳቸውን እየጎተትን ስንከምር አንድም ሰው መጥቶ ፎቶ አላነሳኝም። አሁን ሦስት ግልገል ሳገኝ ሁሉ ሰው አዋቂ ሆነ።»

«እናታቸውስ?» አለችው ሳህራ። ዋበሪ ሻዩ ብርጭቆ ውስጥ እያየ «ሄዳለች» አለ። የት እንደሄደች አልተናገረም።

«እንግዳ ነው» አለ ጉሃድ፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ ድምፁን አውርዶ። «ያጎቴ ልጅ ነው። አንድ ሌሊት አሳድርልኝ ሲለኝ እምቢ ልበለው? ከዓስር በኋላ ይወስዱታል፣ አለቀ። አንቺ ሂጂና ወረቀትሽን አድርቂ።»

ወረቀቷን ሳታደርቅ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ዋለች። የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ የነበረች ጸሐፊ «እኛ ግመልና ፍየል ነው የምንይዘው፤ አውሬው በሽታ አለበት?» ብላ ጠየቀቻት። ሳህራ «አዎ፣ ያስቀምጠዋል» ስትላት «እንደዚያ ከሆነ በረት ያለበት ወረዳ ያመለክታል» አለቻት። ሁለተኛው ቢሮ የሚመለከተው ሰው መስክ ላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ኮቱ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሻይ አለ፣ እሱ ግን መስክ ነው። ሦስተኛው ጋ የደረሰችው ለምሳ ሊወጡ ሲሉ ነበር። አንድ ክራቫት ያሠረ ወጣት በትሕትና ወንበር አቀረበላትና ሙሉውን አዳመጣት። ስትጨርስ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ እንድታመጣ ነገራት። «እስከ ዓስር ይወሰዳሉ እኮ!» ስትለው ሰዓቱን አየና «እንግዲያው ዛሬውኑ ቢያመጡልን ጥሩ ነው» አላት። ስትወጣ በሩን ከፈተላት። ብትጮኽበት ደስ ይላት ነበር፤ ለትሕትና ግን እንዴት ይጮኻል? ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች፣ አገላበጠችው፣ መልሳ ከተተችው። የፖሊስ ጣቢያው መንገድ ማዶ ነው። ፖሊስ ቤት ድረስ ቢመጣ ማንን ይዞ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ዋበሪ ለመሮጥ ሁለት ረጅም እግር አለው፣ ጉሃድ ግን ስኳርና የጉልበት በሽታ አለበት።

ቤት ስትመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ሳሎኑ በር ላይ የወንዶች ጫማ ተደርድሯል፤ በመጋረጃው ውስጥ ጉሃድና ዋበሪ ትራስ ተደግፈው ጫት ይቅማሉ። ወሬያቸው ስለ መኪናው ነው፤ ሹፌሩ ደውሎ ካራማራ ጋ በኬላ መቆሙን ነግሯቸዋል። ግቢው ውስጥ ፋርቱን ልብስ እያጠበች ነው። ከገንዳው አጠገብ አፉ የታሠረ ጥቁር ፌስታል ተቀምጧል። ሳህራ አየችው፤ ፋርቱንም ማየቷን አየች።

«እንደሄድሽ ነው» አለች ፋርቱን፣ ሸሚዝ እያሸች። «ሥጋ ፈጭቼ ሰጠሁት። ሌሎቹ በሉ። እሱ እምቢ አለ።»

ከሳሎኑ የዋበሪ ሳቅ ይሰማል። ፋርቱን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ከአንገቷ ላይ ባለው ክር የታሠረውን ቁልፍ አውልቃ የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ያንኑ ሸሚዝ እንደገና ማሸት ጀመረች፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነበር።

ከመንገዱ ዳር ባለችው የግቢው ክፍል ሻይና ዳቦ የምትሸጠው ተከራይ እማዋይሽ ናት። ከወሎ የመጣች ሴት ናት፣ ለሳህራ ጠዋት ጠዋት ስኳር ያልበዛበት ሻይ የምታዘጋጅላት እሷ ነች። ሳህራ ሳጥኑን በነጠላ ሸፍና ታቅፋ ስትወጣ እማዋይሽ ደነገጠች።

«ሳህርዬ፣ እኔ አላየሁም፣ እሺ? ተከራይ ነኝ። ነገ ውጪ ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

«አላየሽም። በሩን ብቻ ያዢልኝ።»

እማዋይሽ በሩን ያዘችላት፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የያዘችው። አላፊውን ባጃጅም ያቆመችው እሷ ናት፤ ዋጋውንም የተከራከረችው እሷ። ሹፌሩ መቶ ሃምሳ ብር ሲል «ለዚች ለማዶ? ጎማህ ወርቅ ነው?» ብላ በመቶ አስጫነቻት። መንገድ ላይ ከነጠላው ሥር ጫጫታው ሲበረታ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ «ምንድነው የያዝሽው?» አለ።

«ጫጩት ነው» አለች ሳህራ። አንገቷ ሲግል ተሰማት።

የፖሊስ ጣቢያው ተረኛ ኃላፊ ዐብዲናስር የሚባል፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ ሰው ነው። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ሻዩን አንስቶ ወደ ኋላ ሸሸ። በሩ ላይ ፖሊሶች ተሰበሰቡ፣ ሁሉም ስልካቸውን አወጡ። ሳህራ እንደተገላገለች ሁሉ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አስረክባለች፤ አለቀ። ፈርማ ትሄዳለች።

«ከማን እጅ ተገኙ?» አለ ዐብዲናስር፣ ወረቀት እያወጣ።

«በራችን ላይ ሰው ጥሏቸው ሄዶ ነው።»

«ከነሳጥናቸው? ከነሥጋቸው?»

ሳህራ የነጠላውን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረች።

«አሁን በማን እጅ ናቸው?»

«በእኔ። ይኸው አመጣኋቸው።»

«እንግዲህ» አለ እየጻፈ፣ «በእጇ የተገኙ መሆኑን አምናለች።»

«አላመንኩም! ማለቴ አምኛለሁ፣ ግን ላስረክብ እኮ ነው የመጣሁት። የሚሸጥ ሰው በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ይመጣል?»

«እሱን ፍርድ ቤት ያየዋል። አቦሸማኔ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

ሳህራ ተስፋ አደረባት። ስለ ፊታቸው መስመር፣ ስለ ጀርባቸው ፀጉር፣ ስለ ድምፃቸው፣ እንደ ድመት ሙሉ በሙሉ ስለማይሰበሰበው ጥፍራቸው፣ በየት በኩል ተሻግረው የት እንደሚሸጡ ሁሉንም ከመጽሔት ያነበበችውን ዘረዘረችለት። ዐብዲናስር ሳያቋርጣት ጻፈ። ሲጨርስ አነበበላት፦ «ተጠርጣሪዋ ስለ እንስሳቱ ዓይነት፣ ስለ መተላለፊያ መስመራቸውና ስለ ገበያቸው ከፍተኛ ዕውቀት ያላት መሆኑን በራሷ አንደበት ገልጻለች።»

«ተጠርጣሪዋ?» አለች ሳህራ። ሳቅ መጣባት፣ ከዚያ እንባ መጣባት፣ ሁለቱንም ዋጠችው። ጉዳዩ እስኪጣራ፣ ዋስም እስኪመጣላት ድረስ እዚያው እንድትቆይ ተነገራት። ለጉሃድ እንዲደውሉ ስልኩን ሰጠቻቸው፤ ሌላ ማን አላት?

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ በግ ተሰርቆበት የመጣ ሽማግሌ አንቀላፍቷል። ከብዙ ቆይታ በኋላ የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው ወልደሩፋኤል የሚባል ሰው መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ ቦት ጫማ አድርጓል፣ በአንድ እጁ የሽቦ ጎጆ፣ በሌላው የከብት ጉበት ይዟል። ማንንም ሳይጠይቅ ፖሊሶቹ ኮሪደሩ ላይ ወዳወጡት ሳጥን ቀጥታ ሄዶ ተንበረከከ። በእጁ ሆዳቸውን ነካካ፣ ድዳቸውን አየ። «ስንት ነበሩ?» አላት።

«ሦስት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት መድረሳቸውም ቀላል አይደለም። ማን ነው ሥጋ ያበላቸው?»

«ፋርቱን» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። «እኔ ነኝ» አለች። በዚያች ቀን የዋሸችው ውሸት ብዛት ለዕድሜ ልክ ይበቃታል። ሰውየው ወደ መሃል አገር፣ ማቆያ ወዳለበት እንደሚወስዳቸው ነገራት፤ ዱር ስለ መመለሳቸው ግን ተስፋ አልሰጣትም። ያለ እናት አደን የሚማር የለም አላት። ጎጆውን ይዞ ሲወጣ ጫጫታቸው እስከ መኪናው ድረስ ተሰማ፣ ከዚያ በሩ ሲዘጋ ቆመ።

ጉሃድ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጉንጩ ላይ የጫቱ እብጠት ጠፍቶ ፊቱ ገርጥቷል፤ ደረጃውን አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣ። አላያትም። ከዐብዲናስር ፊት ተቀምጦ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ዋስ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት? ምኗ ነዎት?»

«ወንድሟ።»

«የምትኖረው የት ነው?»

«እኔ ግቢ።»

ዐብዲናስር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ልጠይቅዎ። እህትዎ ሳጥኑ በራችን ላይ ተጥሎ ነው ያገኘሁት ብላለች። ይህን ያረጋግጣሉ? ካረጋገጡ እዚህ ጋ ይፈርማሉ፣ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

ሳህራ ከኮሪደሩ የወንድሟን ጀርባ አየች። ይፈርማል ብላ አሰበች። ይፈርምና እንሄዳለን፣ አንድ ወር አያናግረኝም፣ ከዚያ የሮቶውን ነገር ሳነሳበት ይመልስልኛል። ጉሃድ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ የማንበቢያ መነጽሩን ስላላመጣ ራቅ አድርጎ ነው የያዘው። «ከፍተኛ ዕውቀት» የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይሄ ልክ ነው» አለ። «ሌላው ግን ውሸት ነው። ሳጥኑን ዕቃ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ እዚያ ያስቀመጠችው መጽሔት ነው። እሱንም አውጥቼ ዝናብ ላይ ጣልኩባት።»

«አቦዌ!» ሳህራ ከአግዳሚው ተነሳች። ሽማግሌው ነቃ። «ስጠይቅህ ድመት ነው እያልክ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ለአንተ ስዋሽ ውዬ፣ አሁን እውነት መናገር አማረህ? ጠዋት ብትናገር ምን ነበር?»

ጉሃድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። «ጠዋት መች ጠየቅሽኝ? ሰው ፊት ጮኽሽብኝ እንጂ።»

ዐብዲናስር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና የጻፈውን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። አዲስ አወጣ። «ማን አመጣልዎ?» ሲለው ጉሃድ «እንግዳ» አለ። «ስሙ?» ሲለው «እንግዳ» አለ እንደገና። ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠይቀው ቃል አልጨመረም። ዋበሪ ይሄኔ ከከተማው ወጥቶ ወደ ፍየሎቹ፣ ወይም ወደሌሉት ፍየሎቹ፣ መንገድ ላይ እንደሆነ ሳህራ ገምታለች። ሳህራ ወደ ቤቷ እንድትሄድ፣ ጉሃድ ሌሊቱን እዚያው እንዲያድር፣ ጠዋት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተወሰነ። ቀበቶውንና ስልኩን ሲያስረክብ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ «መድኃኒቴን ፋርቱን ታውቀዋለች» አላት።

ፋርቱን የግቢውን በር ከፈተችና በሳህራ ትከሻ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። ማንም የለም። ሳህራ ቆማ ነገረቻት፤ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደመለሰ፣ የት እንደሚያድር። ፋርቱን ፊቷ አልተለወጠም። በሩን መልሳ ዘግታ ጀርባዋን ተደገፈችው።

«ሁለቱስ?» አለች።

«ተወስደዋል። ጉበት በሉ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ማዕድ ቤት ገባች። ድስት ሲጋጭ፣ ማንኪያ ሲወረወር ተሰማ። ስትወጣ ፓስታ በሳህን ደፍና በፎጣ ቋጥራ፣ የመድኃኒቱን ላስቲክ ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ የአልጋቸውን ወፍራም ብርድ ልብስ በሳህራ ደረት ላይ ገፋ አደረገችው። «አንቺ ነሽ የምትሸከሚው» አለቻት። እስከ ጣቢያው ድረስ ፊት ፊት ሄደች፤ ሳህራ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ኩሬ እየዘለለች ተከተለቻት። በር ላይ ያለው ፖሊስ ፎጣውን ፈታ፣ ፓስታውን አየ፣ መልሶ ቋጠረ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» አላቸው።

ሳህራ ብርድ ልብሱን ለፋርቱን ዘረጋችላት። ፋርቱን አልተቀበለችም። ይልቅ ሳህኑን በብርድ ልብሱ ላይ ደረበችላትና መድኃኒቱን አናቱ ላይ አስቀመጠችላት።

«አንቺ ግቢ» አለች። «እኔ ዛሬ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

ሳህራ እቃውን በአገጯ ደግፋ በሩን አለፈች። ግማሹን ኮሪደር ሳትጨርስ ከኋላዋ የፋርቱን ድምፅ፣ ጣቢያው በሙሉ እስኪሰማው ድረስ ተከተላት፦

«መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ይውሰድ በይው! ሰምተሻል? ፓስታው ሳይቀዘቅዝ!»